መኪና ግርግር ላይ ለአናቶሚ ላብ ያሰፋሁት

ሐረር ውስጥ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የአናቶሚ ላብ፣ ማለትም የሰው አካል አሠራር የሚጠናበት ላቦራቶሪ፣ ቴክኒሻን ነኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚማሩባቸውን አስከሬኖች የምንከባከበው እኔ ነኝ ማለት ነው። ጋውኑን፣ መሸፈኛውን፣ መሸከሚያ ሸራውን የት እንዳሰፋሁ የሚጠይቁኝ የሌላ ላብ ሰዎች በዝተዋል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሱቁ ስም የለውም። የባለቤቱን ስልክም አልሰጥም። በስልክ ለሚነገራቸው ሁሉ «እሺ» ይላሉ፤ የሚሠሩት ግን ፊታቸው ቆማችሁ የነገራችኋቸውን ነው። መንደሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እናንተም እንደዚያ በሉ።

ቦታው ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ። ስሙን የሰማ እንግዳ የባጃጅ ጥሩምባ ይጠብቃል። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩ የፔዳሉ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ደጃፍ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፋሉ። ጨርቁን እዚያው ገዝታችሁ፣ እዚያው ተለክታችሁ ማሰፋት ትችላላችሁ።

እኔን እዚያ ያደረሰኝ የእጅ አንጓዬ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ጋውን ለክሊኒክ የተሠራ ነው። ጨርቁ ስስ ቴትሮን፣ እጅጌው ሰፊ፣ ፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ። ደረቱ የተከፈተ አስከሬን ላይ ጎንበስ ስትሉ እጅጌው ቀድሟችሁ ይገባል። ከዚያ እርጥቡ ጨርቅ አንጓ ላይ ተለጥፎ ሁለት ሰዓት ይቆያል። አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የሚገባበት መድኃኒት፣ ፎርማሊን፣ ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ አለርጂ ሆኖ ይቀራል፤ አንዴ ቆዳው ከተቆጣ በኋላ ትንሿም ትበቃዋለች። እኔ ግራ አንጓዬ ላይ እንደ አምባር የዞረ ሽፍታ ነበረኝ። እናቴ «ያቺን ሰዓት አውልቂያት» ትለኝ ነበር። ሰዓት አስሬ አላውቅም።

ለሐጂ የነገርኳቸው እንዲህ ነበር። እጅጌው ጠባብ ይሁን፣ ጫፉ ላይ የሹራብ አንጓ ይግባበት፤ ጓንቱ በላዩ እንዲወጣበት። ፊቱ ድፍን ይሁን፣ ጀርባው ላይ ተደራርቦ ይታሰር። ከጉልበት ይውረድ። ኪስ አይኑረው።

«ይሄ የበሽተኛ ልብስ ነው» አሉኝ።

«የሐኪም ነው፣ ሐጂ። እርስዎ ብቻ...»

«እርስዎ ማነው? ስንት ነኝ እኔ? አንተ በይኝ አቦ!»

እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። ሐረርና ድሬ ታላቅ ሰው አንተ ሲባል መስማት ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ፊት ለፊት አንተ እላቸዋለሁ። እዚህ ስጽፍ ግን እጄ እሺ አላለኝም።

ናሙናው በአራተኛው ቀን ደረሰ። «ነገ» ተብዬ ነበር። ስፌቱ ቆንጆ፣ ጨርቁ ወፈር ያለ ጥጥ፣ አንጓው ልክክ ያለ። ደረቱ ላይ ግን ኪስ ነበረው። ከነብዕር ማስገቢያው።

ኪስ የማልፈልገው በቂም ነው። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ላብ አንድ ተማሪ ያገለገለ ምላጭ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ረሳ። ያገኘችው ልብስ የምታጥበው ሴት ናት፤ በጣቷ። ፎርማሊን ብዙ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ሁሉንም ግን አይገድልም። የቲቢ ባክቴሪያ በመድኃኒት የተጠበቀ አስከሬን ውስጥ ሕያው ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። የአንጎል በሽታ የሚያመጣው ፕሪዮን የሚባለው ነገር ደግሞ ፎርማሊንን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ምላጭ ከመያዣው የሚወልቀው በጣት ሳይሆን በመቆንጠጫ ነው፤ የሚገባውም ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ነው። ኪስ ካለ ግን ሰው ያስገባበታል። ኪስ ማለት ለመርሳት የተሠራ ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ለሐጂ አላብራራሁም። «ኪሱን ፍታልኝ» ብቻ አልኳቸው። እየፈቱ በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። «ኪስ የሌለው ልብስ ከፈን ብቻ ነው» አሉ።

ከፈን የሙስሊም መግነዝ ነው። ዝም አልኩ። በሥራዬ የተለመደ ዝምታ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝም «ዩኒቨርሲቲ ነኝ» ብዬ መስኮት አያለሁ።

ሁለተኛው ትእዛዜ አጋለጠኝ። ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ የአቡጀዲ መሸፈኛ፣ አሥራ ሁለት ፍሬ፣ ዙሪያው ተቀምቅሞ።

«ለምንድን ነው?»

«ለጠረጴዛ።»

ፔዳሉን አቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ኪስ የሌለው ጋውን አሠራሽኝ። አሁን ደግሞ የሰው ቁመት አቡጀዲ ታመጪያለሽ። እኔ ከፈን ስቆርጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ሙስሊም ናቸው ክርስቲያን? አብዛኞቹ ባለቤት ያልተገኘላቸው ስለሆኑ አናውቅም አልኩ። ስማቸውስ? በቁጥር ነው የምንጠራቸው። መጨረሻቸውስ? ትምህርቱ ሲያልቅ ይቀበራሉ። ሐጂ ለጊዜው ምንም አላሉም። የጎረቤቱ መኪና ብቻ ይንጫጫ ነበር። «ምነው ሳልነግራቸው በቀረሁ» ብዬ ጨርቄን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር።

«አልቀመቅመውም» አሉ በመጨረሻ። «ከፈን አይሰፋም። ተቆርጦ ይጠቀለላል እንጂ መርፌ አይነካውም።»

እኔ ደግሞ ያለ ቅምቅማት አልፈልገውም። ምክንያቱ የሰው ሳቅ ያመጣል፣ ግን እውነት ነው። ያልተቀመቀመ አቡጀዲ ክር ይተፋል። ክሩ ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲርስ ያብለጨልጫል። ከቆዳ ሥር የምታልፍ ነርቭም ልክ እንደዚያው ናት። አንድ ጎበዝ ልጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትንፋሹን ይዞ ሲያጸዳት የቆየች ነርቭ ነበረችው። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳየ፣ ስም አወጡላት። እኔ በመቆንጠጫ ሳብ ሳደርጋት መጣች። የመሸፈኛው ክር ናት።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ከዚያ አስታረቁን። ላብ ውስጥ የሚውለው መሸፈኛ የሥራ ጨርቅ ነው፤ እሱን ይሰፋሉ። የሚቀበሩበትን ግን አይሰፉም፤ ጊዜው ሲደርስ ቆርጠው ይሰጡኛል። እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚህ ውል ነው።

ስለ መሸፈኛው ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነውና። አስከሬን ትልቁ ጠላቱ መድረቅ ነው። ከደረቀ ጡንቻው እንደ ቋንጣ ይሆናል፣ የሚማርበት ነገር አይቀርም። አቡጀዲውን በውሃ፣ በግሊሰሪንና ሻጋታ እንዳይዝ በጥቂት ፌኖል ነክረን እንጠቀልለዋለን፤ ከላዩ ላስቲክ እናለብሳለን። ሲከፈት የምንማርበት ክፍል ብቻ ይከፈታል። ክንድ እየተማርን ከሆነ ፊትም ሆድም እንደተሸፈነ ይቆያል። ለክብሩም ለአፍንጫችንም። የተገለጠው ቆዳ ባነሰ ቁጥር ከፎርማሊኑ የሚተነው ጋዝ፣ ፎርማልዲሃይድ፣ ያንሳል። አየር የሚያወጣ ቬንትሌተር እስኪገዛልን ድረስ አቡጀዲው ቬንትሌተራችን ነው እያልን እንቀልዳለን። ሙሉ ቀልድም አይደለም።

የምታሰፉ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለው፣ ውሃ አይጠጣም፤ ቀድሞ ይታጠብ። ባለቀለም ጨርቅ ደግሞ አታሰፉ። እኔ አንዴ ቆሻሻ ይችላል ብዬ ሰማያዊ አሰፍቼ ቀለሙ ለቆ ክንዱ በሙሉ ደም መልስ (መጽሐፍ ላይ በሰማያዊ የሚሳለው የደም ሥር) መሰለ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ይሄኛው የሐጂ ፈጠራ ነው። እኛ መሸፈኛው ላይ በማርከር ነበር የምንጽፈው። አልኮልና ፌኖል ማርከርን በሁለት ሳምንት ያጠፉታል። እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ከአንድ አስከሬን የሚወጣ ማንኛውም ነገር፣ የስብ ቁራጭም ቢሆን፣ ተጠራቅሞ ከዚያው ሰው ጋር ነው የሚቀበረው። ጨርቅ ከተምታታ ሰው ተምታታ ማለት ነው። ስነግራቸው አልመለሱልኝም። ልወስድ ስመጣ ግን አሥራ ሁለቱም መሸፈኛ ጥግ ላይ በቀይ ክር ቁጥር ተሰፍቶበታል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ አፉ በገመድ የሚታሰር ትንሽ ከረጢት፣ እሱም በቀይ ቁጥር። ከረጢት አላዘዝኩም ነበር። «ትንሽ ትንሹን የት ልታደርጊው ነበር?» አሉኝ። እስካሁን በባልዲ ነበር ማለት አፈርኩ።

ክሩ ከብዙ እጥበት በኋላ ዛሬም ቀይ ነው። እጥበት ካነሳን፣ ጋውን ቤት አይወሰድም። እዚያው ላብ ውስጥ መጀመሪያ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቃለቃል፤ ፎርማልዲሃይድ በውሃ ይሟሟልና። ሳይለቀለቅ በረኪና እንዳይነካው። በረኪናና ፎርማሊን አይዋደዱም፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ ክፉ ነው። አንዴ የጽዳት ሠራተኛችን በቅንነት ቀላቅላ ሁላችንም ግቢ ውስጥ ቆመን አልቅሰናል።

እስካሁን ያሞገስኩት በቂ ነው። አሁን ሸራው።

አስከሬን ከገንዳ ወደ ጠረጴዛ ማንሳት የሥራችን ክፉው ክፍል ነው። በደም ሥር ከ10 ሊትር በላይ መድኃኒት የገባበት ሰው በሕይወት ሳለ ከነበረው ይከብዳል። ይንሸራተታል፤ ወለሉም እርጥብ ነው። ሐጂን ስድስት መያዣ ያለው ሸራ ጠየቅኳቸው። ሸራውን ድሬዳዋ ወርጄ ገዛሁ። በደንገጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ለመያዣው ከጋራዥ አሮጌ የመኪና ቀበቶ ለመንኩ። ሐጂ «ቀላል ነው» አሉ።

ቀላል አልነበረም። መኪናቸው ሁለት ድርብ ሸራና ቀበቶ አልበሳ አለ። ሦስት መርፌ ሰበሩ። የሰፉትም በተራ የጥጥ ክር ነበር። እርጥብ ውሎ እርጥብ ያደረ የጥጥ ክር ምን እንደሚሆን እኔም ማወቅ ነበረብኝ። በሁለተኛው ወር፣ ገንዳው አፍ ላይ እንዳለን፣ በእግር በኩል ያለው መያዣ ተነቀለ። አልወደቀም፤ ወገቤ ያዘው። ወገቤ እስከ አሁን ይነግረኛል። በዚያ ላይ ውሃ ማፍሰሻ ብለው የመቱበት የብረት ቀለበት ዛገ። ፎርማሊን ሲቆይ አሲድ ያበጃል፣ ብረት ይበላል። ዝገቱ ቆዳው ላይ ቡናማ ክብ ክብ አተመ።

ሐጂ ስህተታቸውን አምነው ሸራውን ራሳቸው ቦርሳ ሰፊ ዘንድ ወሰዱት። አሁን በወፍራም የናይለን ክር፣ እያንዳንዱ መያዣ ዙሪያው በአራት ማዕዘን፣ መሐሉ በመስቀለኛ ተሰፍቷል። ቀለበቱ ወጥቷል። ቢሆንም ለዚህ ኮከብ እቀንሳለሁ። አልችለውም ማለት የማይወዱ ሰው ናቸው። ሸራ የምትፈልጉ በቀጥታ ቦርሳ ሰፊ ዘንድ ሂዱ። ከማንኛውም ሰው በፊት ደግሞ ሁለት የ50 ኪሎ አሸዋ ማዳበሪያ ጭናችሁ አንሡት። እኛ አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሐጂ ሱቅ ፈጽሞ እንዳትወስዱ። በኮሮና ጊዜ ሰፍተው የተረፋቸው የጨርቅ ማስክ አንድ ፌስታል ሙሉ አለ። «ለሽታው» ብለው በነጻ ሰጡኝ። እምቢ አልኩ። የተቀየሙኝ ያኔ ብቻ ነው።

ፎርማልዲሃይድ ጋዝ ነው። የጨርቅ ማስክም፣ ሰማያዊው የሐኪም ማስክም፣ ኤን 95ም አያስቆሙትም። ኤን 95 ብናኝና ጠብታ ይይዛል እንጂ ጋዝ በውስጡ ያልፋል። የሚያስፈልገው በግራና በቀኝ ካርትሪጅ፣ ማለትም ጋዝ የሚይዝ ማጣሪያ፣ ያለው የጎማ ግማሽ ፊት ማስክ ነው። ካርትሪጁም ለፎርማልዲሃይድ የተሠራ መሆን አለበት፤ የ3ኤም 6005 ለምሳሌ። ለቀለም ቀቢ የሚሸጠው ጥቁሩ ለዚህ አይደለም። ጺም ካለ አይገጥምም፤ ወንዶቹ በዚህ ጉዳይ ላይ ይከራከሩኛል፣ ጎማው ግን አይከራከርም። ዓይንንም ስለማይሸፍን ዙሪያው የተዘጋ መነጽር ይጨመርበታል።

በተለይ ጀሪካኑ ሲከፈት። ጀሪካን ውስጥ ያለው ፎርማሊን ወደ 37 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ነው። 10 በመቶ ፎርማሊን የምንለው አንድ እጅ ከዚያ፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለው ፎርማልዲሃይድ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከሚማሩት ይልቅ የምትቀላቅለው ናት ብዙ የምትተነፍሰው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ፎርማልዲሃይድን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ጎራ አስገብቶታል። ተማሪዎች ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ሽታው ጠፋ» ይላሉ። አልጠፋም። አፍንጫቸው ነው የለመደው።

ለሐጂ ይህን ሁሉ በቀላሉ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እጣን በጨርቅ ያልፋል አይደል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ፌስታሉን ወደ ቦታው መለሱ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ብጽፍ በሚቀጥለው ወር ውሸታም እባላለሁ። የአንድ ጋውን ስፌት ከአንድ ፓኮ የናይትራይል ጓንት ያነሰ ዋጋ እንዳለው ብቻ እወቁ። በጓንት ግን አትቆጥቡ፤ ላቴክሱ ለፎርማሊን ቶሎ ይሸነፋል። ደረሰኝ የለም። የእኛ ግዢ ክፍል ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይንቀሳቀስም። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጋውኖች ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ገንዘቡ ዛሬም «በሂደት ላይ» ነው።

ቀጠሮ ስታስይዙ «ነገ» ማለት ሦስት ቀን ነው። ዓርብ እስከ ጁምዓ ሶላት መልስ አትድከሙ። የሐረሪዎቹ በዓል ሸዋል ዒድ ሲቃረብ የሴቶቹ ቀሚስ ይቀድማል፣ እናንተ ትጠብቃላችሁ። ሥራው የሚፈጥነው ከምሳ በኋላ ነው። የጫቱ ምርቃና ሲገባ ሠፈሩ ሁሉ እንደ አንድ መኪና ነው የሚሰፋው። ያኔ ግን ልክ አታስይዙ፤ እጅጌ ይረዝማል።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። የቀነስኩት በሸራው ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋውን ለማስጠገን ሄጄ ነበር። ሐጂ ቀና ሳይሉ «ሰባት ጨረሰ ወይ?» አሉኝ። ሰባት ቁጥር ማለታቸው ነው። ሁለት ዓመት አስተምሮናል። ጨርሷል፣ ቀብሩ ሐሙስ ነው አልኳቸው። ከመደርደሪያው ላይ አዲስ አቡጀዲ አወረዱ። ጫፉን በመቀስ ነክተው በሁለት እጃቸው ቀደዱት፤ ድምፁ ለአፍታ ከመኪናዎቹ ግርግር በላይ ተሰማ። በእኛም ቤት መግነዝ ነጭ ነው፤ ሰባት የማንም ይሁን የማን ይሆነዋል። ገንዘብ ስዘረጋ እጄን መለሱት።

«ቁጥሩስ? ጥግ ላይ አትሰፋበትም?» አልኳቸው።

«ቁጥሩ መዝገብሽ ላይ ይቅር» አሉ። «እዚያ አያስፈልገውም።»